የ«ዘ ፕሌየር» ሁለት መጨረሻዎች

ሮበርት አልትማን በ1992 እ.ኤ.አ. የሠራው «ዘ ፕሌየር» ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ መክፈቻው ነው። ስምንት ደቂቃ ገደማ አንዴም ሳይቆረጥ የሚሄድ ሾት! ካሜራው የስቱዲዮውን ግቢ እየዞረ፣ በመስኮት እያጮለቀ፣ ደራሲያን የፊልም ሐሳብ ለመሸጥ ሲለማመጡ ያሳየናል። የጥበቃ ኃላፊው እዚያው ሾት ውስጥ የዘመኑ ፊልም ካት በካት ሆነ ብሎ እያማረረ፣ የኦርሰን ዌልስን «ተች ኦፍ ኢቭል» ረጅም መክፈቻ ያወድሳል። እኔም ወጣት ሳለሁ ደጋግሜ ያየሁት ለዚህ ነበር።

ዓመታት ስክሪፕት ስጽፍ ኖሬ አሁን ሳየው ግን ልቤን የወሰደው ማይክል ቶልኪን ከራሱ ልቦለድ አውጥቶ የጻፈው ታሪክ አወቃቀር ነው። ግሪፊን ሚል ከአንድ የፊልም ስቱዲዮ ኃላፊዎች አንዱ ነው፤ ቲም ሮቢንስ ይጫወተዋል። መልስ ሳይሰጠው የቀረ አንድ ደራሲ የዛቻ ፖስትካርድ ይልክለታል። ግሪፊን የጠረጠረውን ደራሲ ይገድላል፤ ፖስትካርዱ ግን መምጣቱን አያቆምም።

በዚህ መሃል አንድ ዳይሬክተር «ሃቢየስ ኮርፐስ» የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ንጹሕ ሴት በጋዝ መግደያ ክፍል ትሞታለች፤ ዝነኛ ተዋናይ አይገባበትም፤ መጨረሻው አይነካም። ፊልሙ ተሠርቶ ሲታይ ግን ብሩስ ዊሊስ መስታወቱን በጥይት ሰብሮ ጁሊያ ሮበርትስን ታቅፎ ይወጣል። ለምን ዘገየህ ስትለው፣ የመንገዱን መጨናነቅ ያማርራል። መጨረሻው ለምን ተቀየረ ሲባል የሚሟገተው ያው ዳይሬክተር ነው፤ በሙከራ ያዩት ተመልካቾች የቀድሞውን ጠልተውታል ባይ ነው።

ከዚያ ግሪፊን ቤቱ ይደርሳል። የሟቹ ፍቅረኛ የነበረችው፣ አሁን ነፍሰ ጡር ሚስቱ የሆነችው ሴት ለምን ዘገየህ ትለዋለች፤ እሱም የዊሊስን መልስ ይደግመዋል። ገዳዩ አልተያዘም፤ ፀሐይ ወጥታለች፤ አበባው ፈክቷል። አሁን የተደሰተው የሙከራ ተመልካች እኛው ነን።

ስላቅ ስንጽፍ አብዛኞቻችን ትችቱን በአንድ ብልህ ገጸ ባሕርይ አፍ እናስቀምጠዋለን። ያ ሰው ይናገርልናል፤ ተመልካቹም ከእሱ ጎን ቆሞ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ቶልኪን ግን ትችቱን በአንድ ጥያቄና መልስ መደጋገም ውስጥ ስላኖረው ማንም አያመልጥም። ስላቅ የምትጽፉ ወጣቶች፣ መክፈቻውን አድንቃችሁ አታቁሙ፤ እነዚያን ሁለት ትዕይንቶች አከታትላችሁ እዩና የራሳችሁን ስክሪፕት የመጨረሻ ገጽ እንደገና አንብቡ።