ዕቃ ዕቃ እና የሚና ጨዋታ

ሰሞኑን ቄራ ውስጥ ከአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ቆሜ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው በኳስ ጌም ውስጥ በራሱ ስም ተጫዋች ፈጥሯል፤ ከትንሽ ክለብ ጀምሮ ነጥብ እያጠራቀመ ፍጥነቱንና ምቱን አሳድጎለታል። «ይኼ እኮ ሮል ፕሌይንግ ነው» ይላል። ጓደኛው ሳቀበት። «ኳስ ኳስ ነው፤ ሮል ፕሌይንግ ማለት ሰይፍና ጠንቋይ ያለበት ነው» አለው። ሁለቱም የተሳሳቱ መሰለኝ። ግን እነሱን ለመዳኘት መጀመሪያ የሚና ጨዋታ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።

በዚህ ስም የሚታወቀው ጨዋታ ለገበያ የቀረበው የእኛ አብዮት በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1974) አሜሪካ ውስጥ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በጠረጴዛ ላይ የሚደረገውን የጦርነት ጨዋታ ለውጠው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን አወጡ። በፊት አንድ ተጫዋች ሙሉ ጦር ያዝዝ ነበር፤ አሁን የአንድ ሰው ሕይወት ብቻ ተሰጠው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ዳኛና ተራኪ ሆኖ «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ዳይስ ይጣላል፣ ነጥብ ይመዘገባል። የጨዋታው ነፍስ ያለችው ግን በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው፤ መልሷ አስቀድሞ አልተጻፈምና።

ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ማሽኑ የሚችለውን ወሰደ፤ ቁጥሩን። እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓን ውስጥ የወጣው «ድራጎን ክዌስት» ጭራቅ በተገደለ ቁጥር ነጥብ እየቆጠረ ጀግናውን ያጠነክራል። ብዙ ሰው የሚና ጨዋታንና የነጥብ ዕድገትን አንድ አድርጎ ቢያይ አያስገርምም። የመጀመሪያው ወጣት ስሕተት ይኸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልብሱን አይቶ ሰውየውን ያወቀ መሰለው።

ለእኔ መለኪያው ዕቃ ዕቃ ነው። ያደግኩት እዚያው ቄራ ነው። ሠፈራችን የከብትና የሥጋ ሠፈር በመሆኑ ዕቃ ዕቃችን ያለ ሉካንዳ አይሞላም ነበር። ጭቃው ሥጋ፣ ቆርኪው ገንዘብ ነው። አንድ ቀን ባለ ሉካንዳ ሆንኩ። «እናት» የሆነችው የጎረቤታችን ልጅ ጣሳዋን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው፤ ግማሽ ኪሎ በዱቤ ይስጡኝ» አለችኝ። ነጋዴ መሆኔ ነውና «ዱቤ የለም!» ብዬ ጮኽኩባት። አላለቀሰችም፤ ጣሳዋን አንሥታ ሄደች። ሌሎቹም «ጨዋታው ፈረሰ» ብለው ተከተሏት። ያንን ቃል እናቷ በእውነተኛው ሱቅ ስትናገር ሰምታው እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ታዲያ «ዱቤ የለም» ያለው ባለ ሉካንዳው ነው ወይስ እኔ? ሁለታችንም ነን። የሚና ጨዋታ የምለው ይህንን ነው፤ ሰው በሌላ ሰው ቦታ ቆሞ በራሱ ልብ የሚወስንበት፣ ለውሳኔውም መልስ የሚሰጠው ሌላ ሰው ያለበት ጨዋታ። ተዋናይም በሌላ ሰው ቦታ ይቆማል፤ ቃሉ ግን የደራሲው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» የሚጫወት ተዋናይ ምንም ያህል ቢራራ ዴስዴሞናን ከመግደል አይመለስም። የቼዝ ተጫዋች ደግሞ ይወስናል፤ ግን ንጉሡን ሆኖ አይፈራም።

ኮምፒዩተር ወደዚህ ፈጽሞ አይደርስም አልልም። ተጫዋቹ ያዳነው ወይም የከዳው ሰው ኋላ ተመልሶ የሚመጣባቸው ጌሞች አሉ፤ እነሱ ወደ ዕቃ ዕቃው ተጠግተዋል። መንገዶቻቸው ግን አስቀድመው የተጠረጉ ናቸው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ሰይፍና ጠንቋይ ለሚና ጨዋታ ግዴታ አይደሉም፤ ኳስም ሊሆን ይችላል። ነጥብ ማጠራቀም ግን አይበቃም። ያ ወጣት በስሙ የፈጠረው ተጫዋች ያሳደገውን ክለብ ትቶ ወደ ሀብታም ክለብ ሲሄድ የሚቀየመው ሰው አለ? ያቺ ልጅ ጣሳዋን አንሥታ እንደሄደችብኝ፣ ተነሥቶ የሚሄድበት ሰው ከሌለ የያዘው ሚና ሳይሆን ቁጥር ነው።