ከሥዕል ወደ ሥጋ፦ ስለ ሁለት የአኒሜ ውርስ ትርጉሞች

ውርስ ትርጉምን ሳስተምር ለብዙ ጊዜ የተጠቀምኩበት መለኪያ አንድ ነበር፤ እርሱም ታማኝነት ነው። አዲሱ ሥራ ከምንጩ ምን ወሰደ? ምን ጣለ? ምንስ ጨመረ? እያልኩ እጠይቅና የጎደለውን በጥፋት፣ የተገኘውን በልማት እመዘግብ ነበር። ይህ መለኪያ እንደማያዛልቅ ያስተዋልኩት በመድረክ ተውኔት ላይ አይደለም፤ ከጃፓን የሥዕል ፊልም፣ ማለትም ከአኒሜ ተወስደው በሰው ተዋንያን በተሠሩ ሁለት የቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ነው። በዚህ አጭር መጣጥፍ ሁለቱን በማነጻጸር ያቀድሞ መለኪያዬ የት ላይ እንደከዳኝ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው «ካውቦይ ቢቦፕ» ነው። የሺኒቺሮ ዋታናቤ አኒሜ እ.ኤ.አ. በ1998 መታየት የጀመረ ባለ 26 ክፍል ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2071 በጠፈር ላይ ወንጀለኛ እያደኑ በሽልማት ገንዘብ የሚኖሩ ሰዎችን ታሪክ ይተርካል። ኔትፍሊክስ በሰው ተዋንያን ያሠራውን ባለ 10 ክፍል ድራማ በኖቬምበር 2021 አቀረበ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላም ድራማው እንደማይቀጥል ተነገረ። በታማኝነት ብቻ ቢመዘን ግን ብዙ ነጥብ የሚያገኝ ሥራ ነው። የባለታሪኩ የስፓይክ ሰማያዊ ልብስ አለ፤ መርከቧ አለች፤ የምንጩ የሙዚቃ ደራሲ ዮኮ ካኖም ራሷ ተመልሳ ሠርታበታለች።

ታዲያ ምን ጎደለ? በእኔ አመለካከት የጎደለው ዝምታው ነው። አኒሜው የሚከፈተው ቃል በሌላቸው ምስሎች ነው፤ ዝናብ፣ ውኃ ላይ የወደቀች ጽጌረዳ፣ የተኩስ ልውውጥ። የምስሎቹ ትርጉም ወዲያው አይነገረንም። ስፓይክ የሚያፈቅራት ጁሊያም በአብዛኛው የምትታየው በትዝታ ፍንጣሪ ነው፤ በአካል የምትመጣው ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ነው። ተመልካቹ የት እንዳለች ስለማያውቅ ከስፓይክ ጋር አብሮ ይናፍቃታል። አዲሱ ድራማ ግን ጁሊያንና የስፓይክን ባላንጣ ቪሸስን ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጀምሮ ያሳየናል፤ አብሮ ኑሯቸውን፣ ጭቅጭቃቸውን፣ የቪሸስን የሥልጣን ሽኩቻ። በዚህም ተመልካቹ ከባለታሪኩ ቀድሞ አዋቂ ይሆናል፤ ናፍቆቱም በሥጋት ይተካል። ሴራው ግን አሁንም በዚያው በጠፋው ናፍቆት ላይ እንደተደገፈ ነው።

ለጁሊያ ድምፅ መስጠት በራሱ ጥፋት ነው አልልም። በምንጩ ውስጥ ጁሊያ ራሷን የቻለች ሰው ሳትሆን የወንድ ትዝታ ናት ብሎ የሚሞግት ሐያሲ እውነት አለው። በድራማው መጨረሻ ቪሸስንም ስፓይክንም ተኩሳ የወንጀል ድርጅቱን በእጇ ማስገባቷ ደፋር ፈጠራ ነው። ይሁን እንጂ ወደዚህ ውሳኔ ያደረሳት ውስጣዊ ለውጥ በበቂ ሁኔታ አልተገነባም። ብዙ ጊዜ አየናት፤ ጥቂት አወቅናት።

ሁለተኛው ሥራ «ዋን ፒስ» ነው። የኤይኢቺሮ ኦዳ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር ልቦለድ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀመረ፤ አኒሜው በ1999 ተከተለ። ኔትፍሊክስ በኦገስት 2023 ያቀረበውና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸው ድራማ፣ በአኒሜው ከ40 በላይ ክፍሎች የፈጀውን ታሪክ በ8 ክፍል ጨመቀው። ለውጡም ጥቂት አይደለም። የባለታሪኩ የሉፊ አያት መሆኑ በምንጩ እጅግ ዘግይቶ የሚገለጠው የባሕር ኃይሉ ጋርፕ፣ እዚህ ገና ከመነሻው በታሪኩ ውስጥ ገብቶ ሉፊን ያሳድዳል፤ ዝምድናቸውም በመጀመሪያው ምዕራፍ ይታወቃል። በቀድሞው መለኪያዬ ይህ ሁሉ ነጥብ ያስቀንሳል። ሆኖም ድራማው በተመልካች ዘንድ ጸና፤ ሁለተኛ ምዕራፍም ተሠራለት።

ምክንያቱን ለማየት የናሚን ትዕይንት መመልከት ይበቃል። ናሚ መንደሯን ነጻ ለማውጣት ለዓመታት ብቻዋን የተሸከመችው ተስፋ ሲከሽፍ፣ ክንዷ ላይ ያለውን የጨቋኟን ምልክት በስለት ትወጋለች። በመጨረሻም ሉፊን እርዳኝ ትለዋለች። እርሱም ከራሱ የማይለየውን የገለባ ባርኔጣ በራሷ ላይ ያደርግላታል። በሥዕሉ የተጋነነው እንባና የተከፈተ አፍ በሰው ፊት ላይ እንዳለ ቢገለበጥ ለሳቅ ይዳርግ ነበር። ተዋናይቷ ግን አጋኖውን ቀንሳ ሕመሙን አስቀረችው። የተለወጠው አገላለጹ ነው፤ ኩሩዋን ልጅ እርዳታ እስከ መጠየቅ ያደረሳት ግጭት ግን አልተነካም።

ኦዳ ራሱ በሥራው ስለተሳተፈ ነው የተሳካው የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። ተሳትፎው መጥቀሙን አልክድም። ነገር ግን የካኖ መገኘት «ካውቦይ ቢቦፕ»ን አላዳነውም። ስለዚህ የምንጩ ከያኒ መኖር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ «መለወጥም ታማኝነት ሊሆን ይችላል» ብሎ ጽፎ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። ዛሬ ቢሆን አልቀንስበትም፤ ይልቁንስ ማስረጃውን እንዲያሰፋ እጠይቀው ነበር። አሁን ተማሪዎቼን የምጠይቀው ምን ተለወጠ ብዬ ብቻ አይደለም። ምንጩ በተደራሲው ላይ የሚሠራው በምን ኃይል ነው? ለውጡስ ያን ኃይል ነካው ወይስ አልነካውም? ከነካውስ በቦታው ሌላ ምን ተተካ? ውርስ ትርጉምን የሚመረምር ሁሉ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሊፈልግላቸው ይገባል።