የበርበሬ ምስክር

ገበታ ላይ በርበሬው ጠንከር ያለ ወጥ ቀርቦ ግንባር ሲያልበው የሚሠራው ምላስ ብቻ አይደለም። ካፕሳይሲን፣ ማለትም የበርበሬው ማቃጠያ፣ የስሜት ነርቮችን ሲቀሰቅስ ሰብስታንስ ፒ የተባለ ኒውሮፔፕታይድ ይለቃሉ። ተመራማሪዎቹ ቮን ኦይለርና ጋደም እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቁት ይህ መልእክተኛ 11 አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው ያሉት።

እኔን የሚደንቀኝ ሆድ ውስጥ ያለው ሥራው ነው። ከአንጀት የሚመጣው የስሜት ነርቭ ወደ ሰረሰር ሲጓዝ፣ መንገዱ ላይ ላሉት የሲምፓቴቲክ ነርቭ ሴሎች ቅርንጫፍ ይዘረጋል፤ ሰብስታንስ ፒንም እዚያ ያፈስሳል። ሌላው የነርቭ መልእክተኛ አሴቲልኮሊን ቶሎ ተናግሮ ዝም ሲል፣ ይሄኛው ሴሉን ለደቂቃዎች ያህል ንቁ ያደርገዋል። አንጎል እንኳ አልተጠየቀም!

ለዚህ ምስክር የሆነውም ካፕሳይሲን ራሱ ነው፤ ተመራማሪዎች በጊኒ ፒግ ላይ የነርቩን የሰብስታንስ ፒ ክምችት በእሱ ሲያራግፉ፣ ያ ዘገምተኛ ምልክት ደከመ።