ከቀዳሁ ወዲህ

ጋራዥ ደጃፍ ላይ አብዝቼ የምሰማው ቃል ይሄ ነው፦ «ከቀዳሁ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።» ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል። መኪናው ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሚኒሞ ላይ አልረጋም ይላል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ያንገራግራል፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኔም ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ለራሴ አስታውሳለሁ፦ «ወዲህ» የሚናገረው ጊዜን ነው፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ ነው።

ነዳጅ መቅዳት አንድ ድርጊት ይምሰል እንጂ ውስጡ ብዙ ነገር አለ። በእኛ አገር ሾፌር የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ነው፤ የነዳጅ መያዣው፣ ሳልቫትዮው፣ ሲሟጠጥ ከሥሩ የተኛው ዝገትና አተላ ይነሳል። ከዚያ ሰልፍ አለ፤ ሞተር በየአምስት ሜትሩ ይነሳል፣ ይጠፋል። ክረምት ከሆነ ዝናብ አለ። ተራው ሲደርስ ደግሞ «እስከ አፉ ሙላልኝ» ይባላል፤ ነገ መኖሩን ማን ያውቃል። ተሞልቶ ሲያበቃ ዳገቱ ይጀምራል። እያንዳንዱ በሞተሩ ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል፤ ሾፌሩ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ነዳጁ ነው» ይለኛል።

አንዳንዴ እውነት ነዳጁ ነው።

አንድ ዓመት በገና ሰሞን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን፣ ከወሎ ልዩ ልዩ ከተሞች ምዕመናንን የጫነ ዶልፊን ሚኒባስ ነአኩቶ ለአብ መገንጠያ ላይ ቆሟል ተብዬ ከላሊበላ በባጃጅ ወረድሁ። ቦታው ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጋሸናና ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ተሳፋሪዎቹ መቆማቸውን እንደ በጎ ቆጥረው ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ወርደዋል። መኪናው ውስጥ የቀሩት ጉልበታቸው ያልቻለ አንዲት እናት ብቻ ነበሩ።

ሾፌሩ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ከበርሜል ነው የቀዳሁት፤ ከዚያ ወዲህ ነጭ ጭስ ያጨሳል፣ አልጎትትም አለ» አለኝ። ስንት ሊትር እንደቀዳ፣ ከመቅዳቱ በፊት ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር፣ ከቀዳ ስንት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደጀመረው ጠየቅሁት። የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። አሮጌው ነዳጅ ከቱቦውና ከፊልትሮው ወጥቶ አዲሱ ሞተር እስኪደርስ መኪናው ጥቂት መንገድ ይሄዳል። ማደያው ደጃፍ ላይ፣ ገና ቁልፍ ሲዞር የጀመረ ችግር ብዙ ጊዜ ከሌላ ነገር ነው። እሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ደህና ሄዶ ነበር። ይህ ወደ ነዳጁ ያመለክታል፤ ሆኖም ማመልከት ገና ማስረጃ አይደለም።

የሚያሳይ ዕቃ አስፈለገኝ። እኚያ እናት የያዟትን ሃይላንድ አየሁና «እማማ፣ ይህቺን ይሰጡኛል?» አልኋቸው። የቀረችውን ውሃ ተጎነጩላትና «ውሰዳት ልጄ፣ ብቻ ደርሰን እንሳለም» አሉኝ። ላስቲኳን አራግፌ፣ ውስጧን በጨርቅ አድርቄ ከፊልትሮው ሥር ያዝሁ። ከታች ያለችውን የውሃ ማውጫ ብሎን አላልቼ ላዩ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ መታ መታ ሳደርገው ድፍርስ ነገር ወረደ። ያን ጊዜ ምንም አይለይም፤ የተቀላቀለ ነገር ሲናወጥ ሁሉም አንድ ይመስላል። ላስቲኳን ድንጋይ ላይ አቁሜ ሾፌሩን «አትንካት» አልሁት።

ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ግን 830 ግራም፣ ቤንዚን ደግሞ 740 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃ ምንጊዜም ወደ ታች ይወርዳል። ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከሳልቫትዮው ታች ነው፤ እናም ጥቂቷ ውሃ ከብዙው ነዳጅ ቀድማ ሞተሩ ዘንድ ትደርሳለች። ላስቲኳ ቀስ በቀስ ጠራች። ከላይ እንደ ጠጅ ቢጫ የሆነ ናፍጣ፣ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ንጹሕ ውሃ፣ በመካከላቸው በቢላ የተቆረጠ የሚመስል መስመር። ሾፌሩ አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

ሦስት ጊዜ ከፊልትሮው አወጣን። ሦስተኛው ላይ መስመር ጠፋ። ብሎኑን አጥብቄ የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ድረስ እየመታሁ አየሩን አስወጣሁ። ሞተሪኖው ሁለቴ ዞሮ ሞተሩ አሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ድምፁ ረጋ። ከተማ እንደገባን ሳልቫትዮውን አውርደን አጠብነው። ያን ሳናደርግ ቢሄድ ኖሮ ችግሩ በማግሥቱ ይመለስ ነበር። ሞተሩ ኮመን ሬል ቢሆን ደግሞ አንዲት ኪሎ ሜትርም ባልነዳሁት ነበር፤ ፓምፑ ከ1000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚሠራና ማለስለሻውም ናፍጣው ራሱ ስለሆነ ውሃ ከገባው ይፋቃል።

ወጣቱ ተመልሶ ሻጩን ሊጣላ ፈለገ። «ላስቲኳ የነገረችን ውሃ መኖሩን ነው፤ ከየት እንደገባ ገና አልነገረችንም» አልሁት። ከዚያው በርሜል ለቀዳ ጓደኛው ደወለ። የእሱም መኪና እያነከሰ ነበር። ሁለት መኪና፣ አንድ በርሜል፣ አንድ ዓይነት በሽታ፤ አሁን ለመናገር በቂ ሆነ። ይሁንና ሻጩ ሆን ብሎ ውሃ ጨምሯል ማለት አልነበረም። ሜዳ ላይ ቆሞ የከረመ በርሜል ይተነፍሳል። ቀን በፀሐይ ሲሞቅ አየር ያስወጣል፤ ማታ በላስታ ብርድ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል። ክረምት ላይ ያቆረው ዝናብ ደግሞ ክዳኑ ዙሪያ ይቆምና ከአየሩ ጋር ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከደረሰ በኋላ መብራት በጠፋባቸው ረጅም ወራት ወፍጮውም የውሃ ፓምፑም ናፍጣ ይለምን ስለነበር በየግቢው በርሜል መታየት ተለመደ። ለባለ በርሜሎች የምነግራቸው ቀላል ነው፦ በርሜሉን ከጣሪያ ሥር አስገቡት፤ ካልሆነ አጋድሙት፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር ሲቀር አትሽጡት።

ቤንዚን ሌላ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። ኢታኖል ውሃን ይወዳል። ጥቂቷን ውሃ በውስጡ ይሸሽጋታል፤ ግማሽ በመቶ ያህል ስታልፍበት ግን ራሱም ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውሃው ጋር ይዘቅጣል። እንዲህ ያለ ቤንዚን ያመሻል፣ ያድራል፣ ጠዋት መኪናው አልነሳም ይላል። ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አደርጋለሁ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ናፍጣ ወይም ላምባ ካለበት ቅባታማ ክብ ይቀራል። ጣትም ያውቃል፤ ቤንዚን ቀዝቅዞ ይደርቃል፣ ናፍጣ ያሟልጫል።

አሁን ነዳጁ ንጹሕ ሆኖ የተገኘበትን ልናገር። አንዲት ቪትዝ በሞላች ቁጥር ለማስነሳት ታስቸግራለች፤ ከተነሳችም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ታስላለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረች ትሆናለች። ባለቤቱ ማደያ ቀይሮ፣ ከተማ ቀይሮ ሞክሯል። ግማሽ ሲቀዳ ግን ምንም የለም። ይህቺ «ግማሽ ሲቀዳ» የምትል ቃል ናት መንገዱን ያሳየችኝ። ከሳልቫትዮው የሚነሳውን የቤንዚን ትነት የምትይዝ፣ ከሰል የተሞላች ጣሳ አለች፤ በአንዲት ትንሽ ቫልቭ በኩል ትነቱን በልክ ወደ ሞተሩ ትልካለች። ቫልቯ ክፍት ሆና ከተጣበቀች ሞልቶ ሲቀዳ የሚገፋው ትነት በሙሉ አንዴ ሞተሩን ያፍነዋል። ሞተሩ እያሳለ ሳለ የትነቱን ቱቦ በፒንሳ ቆንጠጥ አደረግሁት። ሳሉ ወዲያው ቆመ። ስለቀው ተመለሰ። ደግሜ ያዝሁት፣ ደግሞ ቆመ። ባለቤቱ በዓይኑ በሽታው በእጄ ሲመጣና ሲሄድ ካየ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከታች የሚመጡ ሾፌሮችም አሉ። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጋሸና ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ላሊበላ ያለችበት 2500 ሜትር ላይ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ባለ ካርቡራተር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶበት ጥቁር ያጨሳል። ከታች ሞልቶ ሽቅብ የወጣ ሾፌር ደካማነቱን ሁሉ በማደያው ያሳብባል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያስተማረኝ አንድ ስሕተት ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በሐምሌ፣ አንድ አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ በሦስት ሲሊንደር እየሠራ መጣ። «ትናንት ቀድቼ ነው» አለኝ ባለቤቱ። ምንም ሳላይ «ቤንዚኑ ነው» አልሁ። 30 ሊትር አስደፋሁት፤ ካርቡራተሩን ፈታሁ። አልተሻለውም። በሦስተኛው ቀን፣ ሲመሽ፣ ጋራዡ ጨልሞ ሳለ ሞተሩን አስነስቼ ሳይ ከአንድ የካንዴላ ገመድ ላይ ሰማያዊ እሳት ወደ ብረቱ ይዘላል። ገመዱ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን ያረጠበው ደግሞ ሰውየው ቤንዚን ሲጠብቅ ያደረበት ዝናብ ነው። በእርግጥ ከቀዳ ወዲህ ነበር። ቤንዚኑ ግን ንጹሕ ነበር።

የተደፋው ቤንዚን አይደለም እስካሁን የሚከነክነኝ። እኔ «ቤንዚኑ ነው» ባልሁ ማግሥት ቃሌ ገበያውን ዞሮ ነበር። ያን ቤንዚን ከሸጠው ቸርቻሪ የሚቀዳ ሰው ቀነሰ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም ተቀበለኝ። የሸሹት ደንበኞቹ ግን በእኔ ይቅርታ አልተመለሱለትም። መካኒክ «ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ምስክርነት መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። በሐሰት ከመሰከርሁ አንዱ ያለ ጥፋቱ ይከፍላል፣ ሌላው ያለ ጥፋቱ ይታማል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት አባቶቻችን ስለ ነዳጅ አላሰቡም ይሆናል። እኔ ግን በየዕለቱ በዓይኔ የማየው ነው። መደርደሪያዬ ላይ የታጠቡና የደረቁ ላስቲኮች አሉ። «ከቀዳሁ ወዲህ» ያለኝ ሰው ሲመጣ ከሥር ትንሽ እቀዳና መስኮቱ ላይ አቆማለሁ። ሾፌሩ ቸኩሎ «ታዲያ ነዳጁ ነው አይደል?» ይለኛል። «ሩብ ሰዓት ስጠኝ» እለዋለሁ።