ዛገ ስለሚባል ምላጭ

ባለፈው የመስቀል ሰሞን፣ በአቃቂ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ወዳለችው የፀጉር ማስተካከያ ቤቴ ሙያ ሊማር የመጣ አንድ ወጣት፣ ከመሳቢያዬ ያገኛቸውን ሦስት ታጣፊ ምላጮች በጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ «ጋሼ፣ ይህን ዝገት የሚያነሣው የትኛው መወልወያ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ወዲያው አልመለስሁለትም፤ መወልወያ የሚመረጠው ከብረቱ ላይ ምን ሊቀር እንደሚገባው ከተወሰነ በኋላ ነውና።

ቀዩ ዝገት እርጥበት እየጠጣ ብረቱን ይቦረቡረዋል፤ እርሱን ያለ ርኅራኄ ማስወገድ ይገባል። ጥቁሩና ግራጫው ግን አረብ ብረት ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ እንደ ካባ የሚደርበው ልብስ ነው፤ ገላውንም ከቀዩ ይከልልለታል። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ መድኃኒት የሚፍቅ ሰው፣ ብረቱን ዕራቁቱን አስቀርቶ ለሚመጣው ክረምት አሳልፎ ይሰጠዋል።

የቤተ ክርስቲያን ጽናና መስቀል በሎሚና በአመድ ሲጸዳ እያየ ያደገ ሰው ያንኑ ወደ ምላጭ ቢያመጣው አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ሎሚ ነሐስን ሲያበራ አረብ ብረትን ይበላል። ብራሶ የሚባለው መወልወያም ቢሆን ለነሐስ የተሠራ ነው፤ በውስጡ ያለው አሞንያ በማጠፊያው ተሸሽጎ ከቆየ፣ ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያያይዙትን የነሐስ ችንካሮች ሊሰነጥቅ ይችላል። በኤሌክትሪክ መንኮራኩር ከሚወለውል አንድ የሙያ ወንድሜ ጋር ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ስንከራከር ኖረናል። የምላጭ ሆድ እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሆነ ሙቀቱ የሚሸሽበት ስፍራ የለውም፤ ወደ 230 ዲግሪ ሲደርስ የገለባ መልክ ያወጣል፣ ወደ 300 ሲቃረብ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰማያዊ የሆነ ምላጭም ከእንግዲህ ወዲህ ስለቱን አይዝም። መስተዋት ያህል ቢያበራም ሙት ነው።

እኔ በቀጭን ሻሽ ደጋግሜ የነፋሁትን የእንጨት አመድ በስፌት መኪና ዘይት ለውሼ፣ ስለቱን ከእኔ አርቄ፣ በርዝመቱ ብቻ እወለውላለሁ። ባሩድ መስሎ የተቦረቦረውን ጉድጓድ እተወዋለሁ፤ እርሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ሁሉ ማሳሳት ይጠይቃልና። ከጭራው ላይ የታተመውንም ስም አልነካም። «ሶሊንገን» የሚለው ስም በጀርመን አገር ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልዩ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በኃይለኛ መወልወያ የተፋቀ ምላጭ ግን ይህን የትውልድ ምስክሩን አጥቶ ስም የለሽ ብረት ሆኖ ይቀራል።

ወጣቱ ካወጣቸው አንደኛው የጌታዬ ነበር፤ ሙያን ያስተማሩኝ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ የሚወጡትን ሠራተኞች ሲላጩ የኖሩ ሰው። ዳዊት በ51ኛው መዝሙሩ ሸንጋይ ምላስን በተሳለ ምላጭ መመሰሉን ዘወትር ያነሡ ነበርና፣ ሰው አንገቱን በሰጣቸው ጊዜ አንዲት ቃል እንኳ አይናገሩም፤ እኛንም ዝም ያሰኙን ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤድስ ወደ ሀገራችን መግባቱ ከታወቀ በኋላ፣ አንድን ስለት ለብዙ ሰው መጠቀም አደጋ መሆኑ ሲነገር፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ምላጫቸውን አጥፈው በመሳቢያ አኖሩት፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ምላጭ ብቻ ሠሩ። ዝገት ያገኘው በዚያ ዕረፍቱ ነው። ካረፉም በኋላ ባለቤታቸው በነጭ መሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ።

ከዚያ ምላጭ ጭራ ላይ፣ አውራ ጣታቸው ዘመኑን ሙሉ ካረፈበት ስፍራ፣ ላባቸው ያጠቆረው ሞላላ ምልክት አለ። ወጣቱ ቀዩን ዝገት ሁሉ በትዕግሥት አንሥቶ እዚያ ሲደርስ፣ «ጋሼ፣ ይህችስ?» አለኝ። ጨርቁን ከእጁ ተቀበልሁና ዙሪያዋን እስከ ዳርቻዋ ወለወልሁ፤ እርሷን ዘይት ብቻ ቀባኋት።