ስለ «ሳይንቲስት» አመሠራረትና ስለ ድቅል ስያሜ

የሙያ ቃላት ትርጉም በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር ይደጋገማል፤ ይኸውም የአንዱን ቋንቋ ግንድ ከሌላው ቋንቋ ቅጥያ ጋር ያጣመረ ስያሜ ድቅል ነውና መዝገበ ቃላት ሊገባ አይገባውም የሚለው ነው። ይህን አስተያየት አንቀበለውም፤ ምክንያታችንንም «ሳይንቲስት» ከተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ እናሳያለን።

የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር በ1833 (እ.ኤ.አ.) በኬምብሪጅ ባደረገው ጉባኤ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች «ፈላስፋ» መባላቸውን ባለቅኔው ኮለሪጅ ተቃወመ። ዊሊያም ሂዩኤል በ1834 የሜሪ ሰመርቪልን መጽሐፍ ሲገመግም፣ «አርቲስት» በተባለው አምሳል የተቀረጸውን «ሳይንቲስት» በጽሑፍ አወጣ፤ በ1840ም በመጽሐፉ ደግሞ አቀረበው። ግንዱ «ማወቅ» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን ቅጥያው «-ኢስት» ምንጩ ግሪክ ነው። በዚሁ ድቅልነቱ የነቀፉት ነበሩ፤ ቶማስ ሃክስሊም ቃሉን አልወደደውም። ሆኖም ስም ያልነበረውን ሙያ ስለ ሰየመ ጸና።

ወደ እኛ ቋንቋ ብንመለስ፣ ከኢጣልያንኛ በመጣው «ጋዜጣ» ላይ የአማርኛው «-ኛ» ገብቶ «ጋዜጠኛ» ሆኗል፤ «ሳይንሳዊ»ም የግእዙን «-አዊ» በባዕድ ግንድ ላይ የተከለ ነው። ሁለቱም ድቅል ናቸው፤ ሁለቱም ያለ ችግር ያገለግላሉ።

እንግዲህ መመርመር ያለበት የቅጥያው ዘር ሳይሆን በተቀባዩ ቋንቋ የሚሠራው ሥራ ነው። «-ኛ» በአማርኛ ሕያው ነው፤ ከ«ሙዚቃ» «ሙዚቀኛ»ን፣ ከ«ፖለቲካ» «ፖለቲከኛ»ን ያስገኛል። «-ኢስት» ግን በአማርኛ አዲስ ቃል አይወልድም፤ «ሳይንስ»ን የሚያውቅ አንባቢ በ«ሳይንቲስት» ውስጥ ያለው «ት» ከየት እንደ መጣ ከአማርኛው ሊረዳ አይችልም።

«ሳይንቲስት»ን የሚተኩ ሌሎች ቃላትም ቀርበዋል። «ተመራማሪ» ቢባል የታሪክ ተመራማሪም አለ፤ «ሊቅ» የዕውቀትን ጥልቀት እንጂ ዘርፉን አይለይም፤ «ሳይንሰኛ»ም ከ«ወሬኛ» ጋር ተሰልፎ የማቃለል ቃና ይይዛል። «የሳይንስ ሰው» ከሁሉ ይሻላል። በእንግሊዝኛ የዚህ አቻ «ወንድ»ን በሚጠራ ቃል የተሠራ በመሆኑ እንደ ሰመርቪል ላለች ሴት አይስማማም ነበር፤ የእኛው «ሰው» ግን ሁለቱንም ጾታ ያቅፋል።

ስለዚህ የተለመደው «ሳይንቲስት» እንደ አንድ ሙሉ ቃል ይመዝገብ፣ «የሳይንስ ሰው»ም በአቻነት ይቀመጥ እንላለን። በ«-ኢስት» የሚያልቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ እንዳለ መገልበጥ ግን ይቅር፤ «የቋንቋ ሊቅ» እያለን «ሊንጉዊስት» ማለት አንባቢን ያደናግራል እንጂ አማርኛን አያበለጽግም።