ጉላሽና ኮተሌት በጫሞ ዳርቻ፦ የመካከለኛው አውሮፓ ማዕድ በአርባ ምንጭ

የጀርመንና የኦስትሪያ ምግብ ሲነሳ የአዲስ አበባ ተመጋቢ ቶሎ የሚያስበው ቦሌን ነው። እዚያ የሚገኘው ቢር ጋርደን ኢን ብሎንዲና ኢቦኒ የተባሉ ቢራዎቹን ራሱ ጠምቆ ከቋሊማና ከሽኒትዝል ጋር ያቀርባል። ቤቱ ጀርመናዊነቱን በግልጽ ያውጃል፤ ደንበኛውም የሚሄደው ለዚያው ነው። አርባ ምንጭ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በከተማው ሰፈሮች በሲቀላና በሴቻ ባሉ ዓሣ ቤቶች ጉላሽና ኮተሌት ከለብለብ፣ ከዱለትና ከጥብስ ጋር እኩል ይታዘዛሉ፤ ቪየናን የሚያነሳ ግን አይገኝም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ፣ የመካከለኛው አውሮፓ የአበሳሰል ጥበብ ከቦሌው ይልቅ በዚህ ስም አልባ ገበታ ላይ በጥልቀት ተዋሕዷል የሚል ነው።

የጀርመንና የኦስትሮ-ሃንጋሪ መንግሥታት ከኢትዮጵያ ጋር የተዋዋሉት ቀደም ብሎ፣ በ1897 ዓ.ም. ነው። ፍሪድሪክ ሮዘን ለጀርመን፣ ሉድቪግ ፎን ሄነል ለኦስትሮ-ሃንጋሪ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረሙ። አርባ ምንጭ በምትገኝበት በጋሞም የጀርመኑ ፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪ ሄልሙት ሽትራውበ ስለ ዶርዜ ሕዝብ የሃላቃ ሹመት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1957 ጽፏል። ውሉም ጥናቱም ስለ ምግብ አያወሩም፤ የወጥ ቤቱን ታሪክ መመርመር የሚቻለው ከድስቱ ተነስቶ ነው።

ጉላሽ መነሻው የሃንጋሪ እረኞች ምግብ ሲሆን በአገሩ ዛሬም መረቁ የበዛ ሾርባ ነው። የወፈረው ቪየና ሲደርስ ነው። የቪየና ባለሙያ በክብደት ከሥጋው ጋር የሚስተካከል ሽንኩርት ያቁላላል፤ ፓፕሪካ ያክልበታል፤ የበሬውን ሥጋ ጅማቱ እስኪላላ ለሰዓታት ይቀቅልበታል። ወጡን የሚያወፍረው ዱቄት ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። ዶሮ ወጥ ለሠራ ሰው ይህ ቁሌት እንግዳ አይደለም። በርበሬውና ፓፕሪካውም ቢሆኑ ከአሜሪካ አህጉር የፈለሱ ዘመዳሞች ናቸው።

አርባ ምንጭ ላይ ጉላሹ የሚሠራው ከዓሣ ነው፤ ዓሣ ደግሞ እሳት ላይ ሰዓታት አይችልም፤ በደቂቃዎች ይፈርሳል። ስለዚህ የአርባ ምንጭ ወጥ ቤት ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ነጭ ሽንኩርቱ አስቀድመው ይበስላሉ፤ የተቆራረጠው ዓሣ መጨረሻ ላይ ይገባል። በሃንጋሪ በፓፕሪካ የሚሠራው የዓሣ አጥማጆች ሾርባ ሃላስሌም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል፤ ሁለት የማይተዋወቁ የውኃ ዳር ወጥ ቤቶች ለአንድ ችግር አንድ መላ አግኝተዋል።

የኮተሌቱ ጉዳይ የበለጠ ያከራክራል። በኦስትሪያና በጀርመን ደንብ የኮተሌቱ አቻ "ቪነር ሽኒትዝል" ሊባል የሚችለው የጥጃ ሥጋ ብቻ ነው፤ የአሳማው "የቪየና ዓይነት" ተብሎ ይሸጣል። የኦስትሪያው ማርሻል ራዴትስኪ ሽኒትዝሉን ከሚላኖ አመጣው የሚለው ዝነኛ ወሬ ግን መሠረት የሌለው ተረት መሆኑን የቋንቋ ምሁሩ ሃይንትስ ዲተር ፖል እ.ኤ.አ. በ2007 አሳይቷል። ስሙን በሕግ ያጠረው አገር ትውልዱን በተረት ሲያወራ ኖሯል ማለት ነው።

አርባ ምንጭ ላይ ደንቡን ያወጣው የጫሞ ሐይቅ ነው። ከነጭ ዓሣ ሰፊና አጥንት አልባ ፊሌቶ ይወጣል፤ ዱቄት ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ ይጠበሳል። ሎሚው እንደ ቪየናው ከጎኑ አለ፤ የድንች ሰላጣውን ቦታ ግን ዳቦና በማቃጠሉ የሚታወቀው የጋሞ ዳጣ ይዘውታል።

ለጀርመን ማዕድ በኢትዮጵያ ዋናው መሰናክል አሳማ ነው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ስለማይበላው፣ ጀርመናዊ ነኝ የሚል ቤት ከአገሩ ምግቦች ብዙውን ይተዋል ወይም በበሬና በዶሮ ይተካል። ዓሣ ቤቱ ይህ ጣጣ የለበትም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባይቋጭም፣ የሚበሉት ምዕመናን በጾም ወራትም ደንበኞቹ ናቸው።

ውሕደቱ ግን በአንድ የዓሣ ዝርያ ላይ የቆመ ነው። ከመጠን ያለፈ ማስገርና ጫጩቱን ሳይቀር የሚይዝ መረብ የጫሞን ነጭ ዓሣ እያመናመነው መሆኑን ተመራማሪዎች ደጋግመው ዘግበዋል። ለኮተሌት የሚበቃ ፊሌቶ የሚገኘው ከትልቅ ነጭ ዓሣ ነው፤ ቀረሶ የተባለው ዓሣ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ይጠበሳል። የነጭ ዓሣው ቁጥር በዚሁ ከቀጠለ ከዝርዝሩ ቀድሞ የሚወጣው ኮተሌቱ ይሆናል፤ ጉላሹ ግን አምባዛ በተባለው ዓሣም በቀረሶም ሊሠራ ይችላል።